ይታደስ ወይስ ይቀየር? ቅድሚያ ግን ለፍሬኑ!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። አባባሉ ስለ መኪና የተነገረ ባይሆንም፣ ያረጀች መኪና ይዞ በየጋራዡ ለሚንከራተት ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ምክር ያለ አይመስለኝም። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደች፣ ዘይት የምትጠጣ፣ ዳገት ላይ የምታቃስት መኪና ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚያብሰለስለው አንድ ጥያቄ አለ። «ላሳድሳት ወይስ ሸጬ ሌላ ልግዛ?»

ውድ አንባቢያን፣ «እኛ ተማሪዎች ነን፤ እንኳን መኪና ብስክሌት የለንም፤ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል! ጠዋት ወደ ክፍል፣ ማታ ወደ ቤት የሚወስደን የሰው መኪና ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ «ይሄን አሁን ሥራልኝ፣ ያንን ለሚቀጥለው ወር አቆየው» ሲል በእኛም ላይ እየወሰነ ነው። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ የበኩሌን ለማለት ፈለግሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በእኔ እምነት ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ለአብዛኛው ባለመኪና ማሳደስ ከመቀየር ይሻላል። ነገር ግን የምናሳድስበት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መኪናዋን የሚያስኬደውን ነገር እየተበደርንም ቢሆን እናሠራለን፤ የሚያቆማትን ነገር ግን እናቆየዋለን። ችግሩ ያለው «ይታደስ ወይስ ይቀየር» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሒሳቡ። በሀብታም አገሮች አንድ የታወቀ ስሌት አለ፤ የጥገናው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሹን ካለፈ አትጠግናት፣ ቀይራት ይላል። ለእነሱ ልክ ነው። እዚያ የመካኒክ የአንድ ሰዓት ጉልበት ውድ ነው፤ ያገለገለ መኪና ደግሞ በየዓመቱ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። ጃፓንን ብንወስድ አዲስ የግል መኪና በ3 ዓመቷ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየ2 ዓመቱ ጥብቅ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለባት። ምርመራውና እሱን ለማለፍ የሚደረገው ጥገና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰው ገና ደህና የሆነች መኪናውን ይሸጣል። እነዚያ መኪኖች ናቸው ባሕር አቋርጠው ወደ ሌላው ዓለም የሚሄዱት። መንገዶቻችንን የሞሉት ቪትዞች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት መንገድ በዱባይ በኩል የመጡ ናቸው። ጃፓን ውስጥ መሪው በቀኝ ስለሆነ ብዙዎቹ ላይ መሪው ተነቅሎ ወደ ግራ ዞሯል። ባጭሩ፣ እዚያ «አረጀች» ተብላ የተሸጠች መኪና እዚህ «አዲስ ገባች» ተብላ ተገዝታለች ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ስሌቱ ይገለበጣል። እንደሚታወቀው በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ መለዋወጫውም ጭምር፣ ተወደደ።

የዚህ ሁሉ ድምር ምንድን ነው? በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና በብር ስትተመን ከዓመት ዓመት ዋጋዋ መውረዱ ቀርቶ ሊጨምር ይችላል። ሌላው ዓለም ላይ ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እኛ ግን ኖረነዋል። እንዲህ ባለ ገበያ «ከዋጋዋ ግማሽ» የሚለው ስሌት አይሠራም። ብዙዎች «መኪናዬ ዋጋ አወጣችልኝ» ብለው ደስ ብሏቸው ይሸጡና ሌላ ሊገዙ ሲወጡ ሁሉም እንደዚያው ተወዶ ያገኙታል። በመካከሉ የደላላው፣ የስም ማዛወሪያውና የአዲሷ «ትንሽ ትንሽ» ጥገና አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

«ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አይገዛም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የኤሌክትሪክ መኪናን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የሞተር ዘይት አትቀይርም፣ ካንዴላ የላትም፣ ፍሪሲዮን አይበላባትም፣ ኤሌክትሪካችን ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ከ2014 ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለመጣም፣ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ጥያቄው «ጥሩ ናት ወይ?» ሳይሆን «ለማን?» ነው። ሙሉውን ዋጋ በአንዴ መክፈል ወይም ብድር ማግኘት ለሚችል፣ የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ትመቻለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይቶ መኪናውን መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ግን ሽቦውን በመስኮት ሊያወርድ ነው? ደግሞም ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ትልቁ ጥያቄ ባትሪዋ ነው። ቤንዚን መኪና ላይ ሞተሩን እንደምንመረምረው ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው ሳያስለኩ መግዛት ዓይንን ጨፍኖ መግዛት ነው።

ስለዚህ ወደድንም ጠላንም አሁን ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ለዚህ ኩባ ጥሩ ማሳያ ናት። ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ በመኪና ግዢና ሽያጭ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ጥብቅ ገደብ ነበር። ውጤቱ በፎቶ የምናያቸው የ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። ቱሪስቱ በቀለማቸው ይደነቃል፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሞተር ግን የራሳቸው አይደለም፣ ከሌላ መኪና ወይም ከሌላ አገር የመጣ ናፍጣ ሞተር ነው። ኩባውያን ይህን ያደረጉት መኪና መቀየር ስላልቻሉ እንጂ አሮጌ ነገር ስለሚወዱ አይደለም። እኛም በሌላ ምክንያት ወደዚያው መንገድ እየገባን ነው። ስለሆነም ማሳደስን በደንብ ማወቅ አለብን።

የእኛ ጋራዥ የራሱ ቋንቋ አለው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮኒ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሺኔት፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ ስንል ሳናውቀው ጣልያንኛ እየተናገርን ነው። ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ግን ዘይት በነካው እጅ ከመካኒክ ወደ መካኒክ ሲተላለፍ ኖረ። ሙያውም እንደዚያው ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ለጠፋ ዕቃ መላ የማያገኝ ባለመኪና ጥቂት ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ባለሙያው «ይሠራል» ማለቱ «መሠራት አለበት» ማለት አይደለም። ውሳኔው የባለቤቱ ነው።

ለመወሰን ደግሞ የበሽታውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ጭሱ ራሱ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም ከቫልቩ በኩል ያለው ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ወጥቶ ራዲያተሩም ውኃ እየጎደለበት ከሆነ ጓርኒሲዮኒ መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን መጠርጠር ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ በዝቶ አየር ማነሱን ያሳያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ካርቡራተር ያላት መኪና በትክክል ካልተስተካከለች እዚህ ጥቁር ብታጨስ፣ ዳገትም ቢከብዳት አይገርምም። ለዚህ ሲባል ሞተር የሚያስወርድ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አባከነ። አስቀድሞ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት የሞተርን እድሳት ያህል አያስወጣም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ማመን አይገባም። ብዙ የድሮ መኪኖች ቆጣሪ ባለ 5 አሃዝ ስለሆነ 99,999 ሲደርስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። 40,000 የሚያሳይ ቆጣሪ 140,000 ወይም 340,000 ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ሰው ራሱ ወደኋላ ያስመልሰዋል። ከቆጣሪው ይልቅ ያለቀውን የፍሬን ፔዳል ጎማ፣ የላላውን መሪ፣ የተቀመጠውን ወንበር ማየት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ መለየት ያለበት የሚወርድና የማይወርድ ነገር ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ፋሻው ይቀየራል፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ተልኮ ይስተካከላል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ካምቢዮም እንደዚሁ። ሻሲ ወይም የመኪናዋ ወለል በዝገት ከተበላ ግን አጥንቷ አልቋል። ላሜራ ለጥፎ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ በላዩ ቀለም የነፋ ሰው መኪናዋን አላዳናትም፤ በሽታዋን ነው የሸፈነው። በግጭት ጊዜ ስቱኮ ሰው አያድንም።

እዚህ ላይ የአጎቴን ነገር ላንሳ። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ በላዳ ታክሲ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ላዳን ብዙ ሰው ይቀልድባታል እንጂ ቀላል መኪና አይደለችም። መሠረቷ የጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያመርቷት ለመጥፎ መንገድ ብለው ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ላሜራዋን አወፈሩት፣ የኋላ ፍሬኗንም ከዲስክ ወደ ታምቡር ቀየሩት። ፒስታ ላይ ሳትሰበር ይህን ያህል ዘመን የቆየችው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የዚህች የድሮዋ ላዳ ዝርያ ምርት በ2012 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

የአጎቴ ላዳ ሞተር ለሦስተኛ ጊዜ ሊወርድ ሲል «ጋሼ፣ ለምን ሸጠው አይገላገሏትም?» አልኩት።

«ሸጬ ምን ልግዛ?» አለኝ። «እሷን በሸጥኩበት ብር የማገኘው የሌላ ሰው ላዳ ነው። የእኔዋን በሽታ አውቀዋለሁ፤ የሌላውን ግን ከገዛሁ በኋላ ነው የምማረው።»

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። አጎቴ የሚወስነው በስሜት አይደለም፤ ደብተር አለው። በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ የተሠራውን ዕቃ፣ የወጣውን ብርና መኪናዋ ሥራ ፈትታ የቆመችባቸውን ቀናት ይጽፋል። የመጨረሻዋ ዓምድ ብልህ ናት። ብዙ ሰው የጥገና ወጪ ሲያሰላ ለመካኒኩ የከፈለውን ብቻ ይቆጥራል፤ የቆመችበትን ቀን ገቢ ግን ይረሳል። የአንድ ዓመት ወጪና የቆመችበት ቀን ሲደመር ከአንድ ዓመት ገቢ ጋር ይተያያል። ያን ጊዜ መኪናዋ ታኖረው እንደሆነ ወይስ እሱ እያኖራት እንደሆነ ይታወቃል። በደብተሩ መሠረት ላዳዋ ገና ታኖረው ነበር። ማሳደሱ ልክ ነበር።

የተለያየነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ እየታደሰ ሳለ መካኒኩ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን ነገረው። አጎቴ «እሱን ለመስቀል» አለ። ተከራከርኩት። «ሞተሩ ካልሠራ እንጀራ የለም» አለኝ። «ፍሬኑ ግን ትንሽ ቀደም ብዬ ከረገጥኩት ይይዛል።»

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህች ዓረፍተ ነገር ናት። አጎቴ መጥፎ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጠንቃቃ ከሚባሉት ነው። ግን ሞተር ሲበላሽ ቅጣቱ ዛሬውኑ ነው፣ መኪናዋ ትቆማለች፣ ገቢ ይቀራል። ፍሬን ሲደክም ግን ቅጣቱ ቀን ይሰጣል። ሾፌሩ ሳያውቀው ይለምደዋል፣ ዛሬ ትንሽ ቀደም ብሎ ይረግጣል፣ ነገ ትንሽ ጨምሮ። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ውስጥ ሲገባ ግን «ቀደም ብሎ» የሚባል ጊዜ የለም። ለማንኛውም ሸራው መስቀል ሳይደርስ ተቀይሯል። ያስቀየረው ግን የእኔ ክርክር ሳይሆን የአክስቴ ቁጣ ነው።

ሸራ ብቻም አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ ባይጎድልም በየ2 ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ይመከራል። ስንቱ ሰው ነው የሚቀይረው? ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ካልወረደና ፍሬኑን ብቻ ከረገጠ ሸራው ይግላል፣ የቆየው ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ያን ጊዜ አዲስ የታደሰ ሞተር መኪናዋን ይበልጥ ያስሮጣታል እንጂ አያቆማትም።

«ገንዘብ የለማ!» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ገንዘብ ስለሌለ ነው ሰው የሚያቆየው። ግን ገንዘብ ሲያጥር ነው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው። ለሁሉም ገንዘብ ያለው ሰው ቅደም ተከተል ምን ያደርግለታል? በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፤ ቀጥሎ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ፤ ከዚያ ሻሲ፤ ከዚያ በኋላ ሞተርና ካምቢዮ፤ በመጨረሻ ቀለም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ከታች ወደ ላይ ነው። ቀለሟ የሚያበራ፣ ቴፗ የሚያስጨፍር፣ የጎማዋ ጥርስ ያለቀ ሚኒባስ ያልተሳፈረ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ! ለሞተር እድሳት የሚበደር ሰው የፍሬኑንም ዋጋ ደምሮ ይበደር። ድምሩን ካልቻለ እድሳቱን አልቻለም ማለት ነው።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ይህን ማስጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ቦሎ አስለጥፎ ማታ የሚመልስ ሰው እንዳለ በየጋራዡ ሲወራ ሰምቻለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን ራሱንና የሚያሳፍራቸውን ሰዎች ነው።

ታዲያ መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው? እንደ እኔ ሦስት ምልክቶች አሉ። ሻሲዋ ሲበላ፣ ዕቃዋ ከገበያ ሲጠፋና በግምት በሚመሳሰል ዕቃ መሥራት ሲጀመር፣ እንዲሁም ደብተሩ ላይ የቆመችባቸው ቀናትና ወጪዋ ከገቢዋ ሲበልጡ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከታየ ዕድሳቱ ይብቃ። በተለይ የመጀመሪያው ከሆነ ምንም ክርክር አያስፈልገውም።

እዚህም ላይ አንድ ነገር አለ። አጥንቷ ያለቀ መኪና «ለክፍለ አገር ትሆናለች» ተብላ ስትሸጥ እሰማለሁ። እንዴ! የክፍለ አገር ሰው ሰው አይደለም? አዲስ አበባ ላይ ለልጆቻችን የፈራንላቸውን መኪና ለሌላው ልጅ መሸጥ መቀየር አይባልም፤ አደጋውን ማሻገር ነው። እንዲህ ያለችዋን መኪና ጤነኛ ዕቃዋን ፈትቶ ለመለዋወጫ፣ የቀረውን በኪሎ ለብረት መሸጥ ነው የሚገባው። ገንዘቡ ያንሳል፤ እንቅልፍ ግን ያስተኛል።

በመጨረሻ ወደ ሙያችን ልምጣ። የትራፊክ አደጋ ዜና ስንጽፍ ብዙ ጊዜ «መንስኤው እየተጣራ ነው» ወይም «ፍሬን እንቢ በማለቱ» ብለን እንዘጋለን። ፍሬን በራሱ እንቢ አይልም። ሸራው ማለቁን ያየ መካኒክ አለ፣ «ለሚቀጥለው ወር» ያለ ባለቤት አለ፣ ያሳለፈ መርማሪ አለ። ነገ ዜና ጸሐፊዎች ስንሆን «መኪናዋ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተጠገነች? ምኗ ተሠራ? ምኗስ ተቆየ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። ይህን የሚጠይቅ ዘጋቢ ቢበዛ «አቆየው» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይሆንም ነበር።

እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ታክሲ ስንሳፈር መጀመሪያ ጎማውን እንይ፤ ሾፌሩንም «ወንድሜ፣ ፍሬኑ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ!

ቸር ያሰንብተን!